ያላነበብኩላት መስመር

ሰበታ መጥታችሁ «ራፖር ጸሐፊው ጋሼ ወርቁ የት ነው የሚቀመጠው?» ብትሉ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ነጂ ራሱ ይዟችሁ ይመጣል። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ፍርድ ቤት በተላላኪነት ተቀጥሬ ፋይል ሳመላልስ፣ በር ላይ ቆሜ የዳኞችን ንግግር እየሰማሁ፣ የተጣሉ የውሳኔ ግልባጮችን ቤቴ ወስጄ እያነበብኩ ሕግን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገዝቼ፣ በላስቲክ ለብጄ፣ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ጠበቆች «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አቤቱታ አንዴ ይዩልኝ» እያሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የምጽፍባት ቆርቆሮዬ ሥር ተጎንብሰው ቆመዋል። ይግባኜን አንብቦ «ይህን የጻፈው የትኛው ጠበቃ ነው?» ብሎ የጠየቀ ዳኛም አለ። ጠበቃ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት በሁለት ቀን ውስጥ ያደረግኩትን ስትሰሙ፣ ሳያውቅ ያጠፋ ምስኪን ሽማግሌ አድርጋችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ያጠፋው «አውቃለሁ» የሚለው ሰውዬ ነው።

በዚያን ጊዜ ሥራዬ ቀዝቅዞ ነበር። የእኛ አካባቢ ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚቀበለው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል መጻፉን ግን ሳልማር ቀረሁ። «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቁጠር?» አልኩ። ኮምፒውተር የያዙ ልጆች ጎኔ ሱቅ ከፍተው ደንበኞቼን ወሰዱ። ለእኔ የቀረልኝ አዲስ አበባ ክርክር ያለበት ሰው፣ የመንደር ዕርቅ፣ የበሬና የቤት ሽያጭ፣ ደረሰኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ትልቅ ጉዳይ መጥቶ ሰበታ ሁሉ እንደገና ስሜን እንዲጠራ እመኝ ነበር።

ጉዳዩ በወዳጄ ቤት በኩል መጣ። ኦቦ ለሚ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው፤ አርባ ዓመት ተዋውቀናል። ግርማ የሚባል ልጁ ቀያሽ ነበር። ለመስኖ ሥራ እሱንና ሌሎች ባለሙያዎችን ጭና ወደ ምዕራብ የበረረች ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ጭጋግ ውስጥ ገብታ ከተራራ ጋር ተጋጨች። የተረፈ የለም። ግርማ ሚስቱን ጫልቱንና ሁለት ሴት ልጆችን ትቶ ሄደ። ደመወዙ ካልሆነ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ ገላን ላይ ጀምረውት የነበረው ቤትም መሠረቱ ወጥቶ ቆሞ ነበር።

አርባው እንደወጣ የአውሮፕላኗ ኢንሹራንስ ሰው ደወለ። የቅድሚያ ክፍያ ይዤ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ አለ። ኦቦ ለሚ ወዲያው ወደ እኔ መጣ።

«ወርቁ፣ ነገ ረፋድ ላይ ቤቴ ተገኝልኝ። የከተማ ሰው ወረቀት ይዞ ሊመጣ ነው።»

«ማንም ይምጣ» አልኩት። «ወረቀት ከሆነ ለእኔ ተወው።»

ግርማ ግን አብራው የተማረች ጓደኛ ነበረችው፤ ሂሩት ትባላለች። ቡራዩ ተከራይታ የምትኖር ጠበቃ ናት፤ ሥራዋም የአውሮፕላን አደጋ ካሳና የኢንሹራንስ ክርክር ነው። ለጓደኛዋ ቤተሰብ ያለ ክፍያ እቆማለሁ ብላ ነበር። በማግስቱ ኦቦ ለሚ ቤት ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ ወርቁ፣ እንደምን አደሩ? ሂሩት ነኝ። እየመጣሁ ነው፤ ግን አየር ጤና ላይ መንገዱ ተዘግቷል። ሰውዬው ከደረሰ ምሳ አብሉልኝ፣ አጫውቱት፣ ብቻ አቆዩልኝ። እኔ ሳላየው ምንም ነገር እንዳይፈረም።»

«ልጄ፣ እኔ ቁጭ ብዬ?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን የአውሮፕላን ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል።»

«አውሮፕላንም ቢሆን የሚወድቀው መሬት ላይ ነው» አልኳት፤ በራሴ ቀልድ ሳቅሁ።

ዘወር ስል ጫልቱ በጥቁር ልብሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ሰምታለች። አይኗን ወደ መሬት መለሰች። እኔ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እዚያው ነበር፤ ያን ቀን ካለፉኝ ነገሮች የመጀመሪያው ይሄ ነው።

የኢንሹራንሱ ሰው ብዙም አልቆየም። ዳዊት ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትሁት ልጅ። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ በጭቃው በእግሩ ገባ። ለጫልቱ ዝቅ ብሎ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት፤ ለኦቦ ለሚም በተሰባበረ አፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጠ። ኦቦ ለሚ ደስ አለው። ከዚያ ዳዊት ከቦርሳው አንድ ገጽ የታተመ ወረቀት አወጣ።

«ይህ ለአሁኑ ችግራችሁ መጠጊያ ነው» አለ። «ዋናው ካሳ ገና ነው፤ እሱ በክርክርም በስምምነትም ወደፊት ይታያል። እዚህ ላይ መቀበልዎን ብቻ ይፈርሙልኛል።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። መነጽሬን አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ አደረግሁ። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ቅንድቤን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረግኩ ታች ደረስኩ። አንባቢዎቼ፣ አንዲት ቃል አልገባኝም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ የመጀመሪያዬ ነው። «ልጄ፣ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ተርጉምልኝ» ብል ልጁ በደስታ ይተረጉምልኝ ነበር።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ ወረቀቱን እየመለስኩ።

«ምን ጎደለው ጋሼ?»

«ምስክር የለውም። መዝጊያ የለውም። ደግሞስ በሰው አገር ቋንቋ? እዚህ ቤት የሚፈረመው የተሟላ ወረቀት ነው። እኔ እጽፈዋለሁ።»

ዳዊት ትንሽ አሰበና «በእጅ የተጻፈም ቢሆን ፊርማና ምስክር ካለው እንቀበላለን» አለ። «ግን የእኛው ፎርም ይበቃ ነበር።»

ኦቦ ለሚ ሳቀ። «ተወው ልጄ፣ አትልፋ። ይሄ ሰውዬ ሲሞት የራሱን ኑዛዜ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ተቃውሞ፣ ራሱ ይግባኝ ብሎ ነው የሚሞተው።»

ከለቅሶው ወዲህ ያ ቤት ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔም ሞቅ አለኝ። ካርቦኔን በሁለት ወረቀት መሐል አስገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። የእጅ ጽሑፌን ያየ ያውቃል፤ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። የተቀባይን ሙሉ ስም፣ የሟችን ስም፣ የአደጋውን ሁኔታ፣ የሰጪውን ድርጅት አሰፈርኩ። መጨረሻ ላይ ስደርስ እጄ ሳላዘው የለመደውን ጻፈ፦ «ይህን ገንዘብ ተቀብዬ በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ የማላነሳ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ይህቺን መስመር በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አልቆጥራትም። በሬ የሸጠም፣ ወሰን የታረቀም፣ ድርሻውን የወሰደ ወራሽም በዚህች መስመር ነው የሚወጣው። እኛ ራፖር ጸሐፊዎች «መዝጊያ» እንላታለን። መዝጊያ የሌለውን ደረሰኝ ሰው እንዳልተማረ ሰው ሥራ ነው የሚያየው። የመንደር ጉዳይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚያልቅ፣ መዝጊያዋ ማንንም ጎድታ አታውቅም። ይህኛው ግን መጀመሩ ነበር። ሰውዬው በአፉ «ዋናው ካሳ ገና ነው» ብሎኛል እኮ! ጆሮዬ ሰማ፤ እጄ አልሰማም።

ዳዊት አነበበው። መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ... እንዲህ እንድትሆን ነው የፈለጉት?»

«ምን አላት?»

«ምንም። ለእኛ ችግር የለውም። ለእናንተ ብዬ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

«አንተ ሳትወለድ ደረሰኝ ስጽፍ ነበር» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ከዚያ በላይ እንዲለምነኝ ደመወዝ አይከፈለውም።

ወረቀቱን ጫልቱ ፊት አደረግሁት። ጫልቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ግን በቁቤ ነው። የእኛን ፊደል ስሟን ከመለየት አልፋ አታነብም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማል ጄዳ፣ ጋሼ?» አለች። ምን ይላል ማለቷ ነው።

«ገንዘቡን ተቀብያለሁ ይላል» አልኳት በራሷ ቋንቋ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ሌላው የወረቀት ሥርዓት ነው። ፈርሚ ልጄ።»

በላቲን ፊደል፣ ቀስ ብላ፣ ስሟን ጻፈች። ኦቦ ለሚና አንድ ጎረቤት መሰከሩ። ዳዊት ገንዘቡን ለጫልቱ አስረከበ፤ ምሳ ቢለመን እምቢ አለ፤ ቤቱ ሱሉልታ መሆኑን፣ ከሰዓት ፈቃድ መውሰዱን፣ ወረቀቱን በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደሚያስገባ ነገረንና ሄደ።

ሂሩት የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፣ ላብ አጥምቋታል። ጫልቱን አቅፋ ሳመቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ሰውዬው የት አለ?»

«ጨርሰን ሸኘነው» አልኩ፣ የካርቦኑን ግልባጭ እየዘረጋሁላት። ምስጋና ነበር የጠበቅሁት።

ቆማ አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። እንደገና አነበበች።

«ጋሼ፣ ይቺን መስመር እነሱ ናቸው ያሉዎት?»

«ምን በወጣቸው! እኔ ነኝ። የእነሱ ወረቀት መዝጊያ እንኳ አልነበረውም።»

«መዝጊያ ያልነበረው እንዳይዘጋ ነው እኮ!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ኦቦ ለሚ ከበር ላይ ዞረ። «የቅድሚያ ክፍያ ከካሳው ላይ ይታሰባል እንጂ ካሳውን አያስቀርም። እነሱ ያልጠየቁንን እኛ ጽፈን ሰጠናቸው። ይህን ወረቀት የያዘ ኢንሹራንስ ‹ጉዳዩ በስምምነት አልቋል› ይላል፤ በቃ።»

ያኔ «ተሳስቻለሁ፣ እንሩጥ» ብል ኖሮ ምናልባት ሰውዬውን መንገድ ላይ እንይዘው ነበር። እኔ ግን ቁጥር መጥቀስ ጀመርኩ። ስለ ስምምነት፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ተዋዋይ ግዴታ አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ ደረደርኩላት። አንዱንም አልሳትኩም። ሂሩት ለአንዱ ስትመልስ ሌላ አመጣሁ። ፀሐይዋ ከበሩ ላይ ተነሥታ ግድግዳው ዘንድ ደረሰች፤ እኔ ገና እከራከራለሁ።

ያስቆመኝ ኦቦ ለሚ ነው።

«ወርቁ» አለ፣ በቀስታ። «አንተ እንደምታውቅ እናውቃለን። የልጄ ልጆች ያገኛሉ ወይስ አያገኙም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

አንቀጾቼን ትቼ ተነሣሁ። የዳዊት ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም። ሂሩት ኮንትራት መኪና አስቆመች፤ እሷ፣ ጫልቱና እኔ ተሳፈርን።

ከሰበታ ሱሉልታ ማለት ከተማውን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ማቋረጥ ነው። ዓለም ገና ላይ ቆምን። ጦር ኃይሎች ላይ ቆምን። ሂሩት ከፊት ሆና ስልኩን ትደውላለች፣ ትዘጋለች፣ ትደውላለች። ጫልቱ ከእኔ ጎን በመስኮቱ ታያለች። እንጦጦን ወጥተን በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ ገባ፤ ማታ ማታ የሚለማመዱ ሯጮች በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈው ይሮጣሉ። ጫልቱ እነሱን እያየች ድንገት ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? መፈረም አልነበረብኝም?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አልኳት። ከዚያ በላይ መሄድ አልቻልኩም።

የዳዊትን ቤት በስሙ እያጠያየቅን ደረስን። ፎቁ ገና ያላለቀ አዲስ ቤት ነው። በቱታ ወጣ፤ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ፤ ለምን እንደመጣን ገባው።

«ስነዳ ስልክ አላነሣም፤ አሁን ደግሞ ቻርጅ ላይ ነው» አለ። «ወረቀቱ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ግን ከተማ ጉዳዬን ጨርሼ እዚህ እንደደረስኩ፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት ፎቶውን ወደ ቢሮ ልኬዋለሁ። ደንብ ነው፤ በዕለቱ መግባት አለበት።»

ሃያ ደቂቃ። የደረደርኳቸው አንቀጾች ከዚያ በላይ ፈጅተዋል። ሂሩት ዞራ አላየችኝም፤ ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዳዊት፣ ፎርሙ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ» አለችው። «ይህቺ ሴት ካሳዋን ልትተው አልፈለገችም።»

«አውቃለሁ እህቴ። ጋሼን ሁለቴ ጠይቄያቸዋለሁ።» ጢሙን ደባበሰ። «አንድ ነገር አለ። የሕግ ክፍላችን ኃላፊ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ተቀባይዋ የማታነበው ወረቀት ሳይነበብላት እንደፈረመች ከተረጋገጠለት፣ በእኛው ፎርም ሊተካው ይችላል። ባለፈውም አንድ እንዲህ አድርጓል። ግን እሷ ብትለው አይበቃም፤ የፈረመ ሁሉ አላወቅሁም ይላል። ማለት ያለባቸው ጸሐፊው ናቸው።»

ሦስቱም አዩኝ።

«እላለሁ» አልኩ። «ምን ችግር አለው?»

ስንመለስ ሂሩት ከፊት ወንበር ዘወር ብላ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አስጠናችኝ።

«ጋሼ፣ ሕግ አይጠቅሱም። አይከራከሩም። ‹የመጨረሻዋን መስመር አላነበብኩላትም› ይላሉ፤ ዝም ይላሉ።»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ ሄድኩ። ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ መስታወት በመስታወት። ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡን። ኃላፊው ሸበት ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። አንዲት ወጣት ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዳዊት ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ኃላፊው ወረቀቴን አንሥቶ ለብርሃን አደረገው።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የሚገርም የእጅ ጽሑፍ ነው። አረቃቀቁም ንጹሕ ነው። የሕግ ባለሙያ ነዎት?»

«ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ።»

«በጣም ጥሩ። ፈቃድ አለዎት?»

«ፈቃድ ... የለኝም። ለራፖር ጸሐፊ የጥብቅና ፈቃድ አያስፈልግም» አልኩ፤ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ወጣቷ ቀና ብላ አይታኝ ጻፈች። ሂሩት እጄን በጠረጴዛው ሥር ነካ አደረገችኝ።

«እንዲያው ለመረዳት ያህል ነው» አለ ኃላፊው፣ በዚያው ልስላሴው። «ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አምነውዎት ይመጣሉ። እርስዎ ደግሞ ምን እንደሚል ሳይነግሯቸው ያስፈርሟቸዋል ማለት ነው? የሠሩት እንደዚህ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት?»

አንባቢዎቼ፣ የሚቀጥለውን ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። ደግሞም አልነበረኝም ብዬ ራሴን ነፃ አላወጣም። በሩ ላይ ቆሜ የሰማኋቸው ዳኞች፣ ቆርቆሮዬ ሥር የተጎነበሱት ጠበቆች፣ ጎኔ ሱቅ የከፈቱት ልጆች ሁሉ ያን ጠረጴዛ የከበቡ መሰለኝ።

«እኔ?» አልኩ። ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። «እኔ ወርቁ ያላነበብኩትን ወረቀት አስፈርሜ አላውቅም! ቃል በቃል ነው የማነበው! ሰበታን በሙሉ ጠይቅ!»

የኮምፒውተሩ ቁልፍ ብቻ ይንጣጣል።

«ለወይዘሮ ጫልቱም?»

ያኔ እንኳ መመለስ ይቻል ነበር።

«ለሁሉም» አልኩ።

«አመሰግናለሁ» አለ ኃላፊው። «ይመዝገብ።»

ሂሩት አይኗን ጨፈነች። ዳዊት ጥግ ላይ አንገቱን ደፋ። ጫልቱ አማርኛ ትሰማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። እንደምትጮህ፣ «ይዋሻል» እንደምትል ጠበቅሁ። እሷ ግን ግንባሯን አኮማትራ፣ የጠፋበትን ዕቃ የት እንዳስቀመጠው እንደሚያስብ ሰው፣ ጠረጴዛውን አየች።

«ቆዩ» አልኩ፤ ተቀመጥኩ። «ቆዩ፣ የመጨረሻዋን መስመር ... እሷን እንኳ አላነበብኩላትም።»

«ጋሼ» አለ ኃላፊው፣ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ፣ «አሁን በሙሉ ድምፅ ተናግረዋል። ጠበቃዋ ነካ ስታደርግዎትም አይቻለሁ። ቅድም የተናገሩት ነው ከልብዎ የወጣው።»

እውነቱን ነው። ከልቤ የወጣው እሱ ነበር።

ሂሩት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰችው። ዳኛ ፊት ቀርቤ እንዳላነበብኩላት በመሐላ ተናገርኩ። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ቃለ ጉባኤውን አንሥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «የዋሹት የትኛው ቀን ነው? ያን ቀን ወይስ ዛሬ?» ያን ቀን ነው አልኩ። የሚያምን ግን አልነበረም። ጉዳዩ በስምምነት ያለቀ ነው ተባለ፤ ይግባኙም አልሠራም። ያን ይግባኝ ሂሩት እንድጽፍ አልጠየቀችኝም።

ኦቦ ለሚ ዛሬም ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል፤ የልጆቼን ጤና ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት የመሬት ወረቀት ጉዳይ ሲገጥመው ግን በእኔ በኩል አልፎ ጎረቤቴ ካለው ልጅ ዘንድ ገባ። ሲወጣ አየሁት፤ አየኝ። እጁን አነሣልኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔ ዛሬም እጽፋለሁ። ሰበታ ውስጥ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚያረቅቅ አለ ካላችሁ አምጡልኝ፤ ይሄን አልደብቅም። ግን ያስፈራኛል። ወረቀት ስጨርስ ለባለጉዳዩ አነብለታለሁ፣ ከዚያ «እስቲ ምን እንደሚል አንተ ንገረኝ» እለዋለሁ። መልሶ ካልነገረኝ አይፈርምም። አንዳንዱ «ጋሼ አረጁ» እያለ ይስቃል። እንግሊዝኛ ሲመጣልኝ «አልችልም» እላለሁ፤ የመጀመሪያ ቀን ስለው ላብ አጠመቀኝ። የኢንሹራንስ ነገር ከመጣ የሂሩትን ስልክ ጽፌ እሰጣለሁ። እናንተም የምታምኑት ሰው፣ አዋቂም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ «የወረቀት ሥርዓት ነው» ካላችሁ አትፈርሙ። እኔን ራሴን አትመኑኝ።

ጫልቱ ገላን አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥራ ዕቃ ታሽጋለች። ያ መሠረቱ የወጣለት ቤት ተሸጧል። ከጥቂት ወራት በፊት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ጠብቄ የከባድ መኪናዎች መውጫ በር ላይ ቆምኩ። በሰማያዊ ጋውን መጣች፤ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ እንደ ድሮው አንቱ አለችኝ። ዳኛ ፊት ብያለሁ፤ ለእሷ ግን ፊት ለፊት ብዬው አላውቅም ነበር።

«ልጄ» አልኳት፣ «ያቺን መስመር አላነበብኩልሽም። እያወቅሁ ነው አነበብኩ ያልኩት።»

አንድ ጭነት መኪና ወጣ፤ ሁለታችንም ከአቧራው ገለል አልን።

«ጋሼ» አለች፣ «እዚያ ቢሮ ‹አንብቤላታለሁ› ሲሉ እኔ አምኜዎት ነበር። እርስዎ አይዋሹም ብዬ። ልጆቼን ይዤ ማታ ማታ ስተኛ፣ ‹ያን ቀን ምን እያሰብኩ ነበር? ጋሼ ሲያነቡልኝ ለምን አልሰማሁም?› እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ፍርድ ቤት እስኪናገሩ ድረስ።»

ቢሮ ከተቀመጥንበት ጠዋት እስከ ፍርድ ቤቱ ቀን ስምንት ወር ነው።

ደወል ተደወለ። «የምሳ ሰዓቴ አለቀ» ብላ ገባች።